የመሪጌታ መንጋጋ

ምላስና ጥርስ ይጋጫል ይባላል። እሺ፣ ይጋጭ። ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭስ ማን ያስታርቃል?

ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። አጎቴ መሪጌታ ስሜነህ ለመንጋጋቸው መላ ፍለጋ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ መጥተው፣ ዘንዘልማ እህቴ ቤት፣ እኔ ክፍል ሰንብተው ነበር። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ድምፁን የማታውቁ፣ ኮረኮንች ላይ የሚንገጫገጭ ባጃጅ አስቡ።

እሳቸው ግን አይሰሙትም። አብዛኛው አፋጪ አይሰማውም፤ የሚሰማው አጠገቡ የተኛው ነው። እሳቸው የሚያውቁት ጠዋት ጠዋት መንጋጋቸው አልከፈት እንደሚላቸው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቁርሱ ትንሽ ይዘገይበታል፣ በቃ። የእሳቸው ደብር ንግሥ ግን ደርሷል፤ ማኅሌቱን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። አፉ ያልተከፈተ መሪጌታ ገመዱ የተበጠሰ ደወል ማለት አይደል?

እህቴ በሽታውን ወዲያው አወቀችው። ወስፋት ነው አለች። ልጇ ናቲም ተኝቶ ያፋጫል፤ ባፋጨ ቁጥር የወስፋት መድኃኒት ትሰጠዋለች። ለአጎቴም ገዝታ መጣች። እሳቸውም ለቤቱ ሰላም ሲሉ ዋጡት። ወስፋት ከነበረ ወጥቷል። ጥርሱ ግን ሥራውን ቀጠለ።

እኔ ስለ ጥርስ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያገኘሁትን ማንበብ ግን እወዳለሁ፤ ያነበብሁትን ደግሞ ዝም ብዬ መያዝ አልችልበትም። ለእህቴ አስረዳኋት። የልጅ ማፋጨት ብዙ ጊዜ ወስፋት አይደለም፤ አብዛኞቹ እያደጉ ይተዉታል። ማታ ቴሌቪዥኑን ቀደም ብለሽ አጥፊና ተረት ንገሪው፤ መንጋጋዬን አመመኝ ካለ ወይም ጥርሱ እየተበላ ከሄደ ሐኪም ይየው አልኋት።

"አንተ ደግሞ መቼ ወልደህ ነው?" አለችኝ። ቴሌቪዥኑን ግን አጠፋችው።

የትልቅ ሰው ነገር ትንሽ ይለያል። ጭንቀት አለ፣ የማታ ቡና አለ፣ መጠጥ አለ። እኛ ደግሞ የጨነቀውን ሰው "ጥርስህን ነክሰህ ቻለው" ብለን እንመክራለን። አጎቴ ቀን የሰሙትን ምክር ሌሊት ይፈጽማሉ። ቀን ቀን ከንፈርዎ ይገጠም፣ ጥርስና ጥርስዎ ግን አይነካካ፤ መንጋጋዎ ላይ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይያዙ አልኋቸው። እሺ አሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ደግሞ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። ሐኪሟ ሲተኙ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከለያ አሠራችላቸው። ማፋጨቱን ላያስቆም ይችላል፣ ጥርሱን ግን ከመበላት ያድናል አለች።

አጎቴ አላጠለቁትም። ለምን? ጾም ነዋ። አፍ ውስጥ ሲያድር ጾም ቢሽርስ? እኔ ምግብ አይደለም ብዬ በሰፊው አስረዳሁ። ሰምተው ሲያበቁ ወደ ንስሐ አባታቸው ደወሉ።

"ይዋጣል?" አሉ አባ።

"አይዋጥም።"

"ይጥማል?"

"ኧረ ጎማ ጎማ ይላል።"

"እንግዲያስ መሪጌታ፣ ጾሙን ያጠብቅልዎታል እንጂ አይሽርብዎትም።"

አጠለቁት። ጥርሱ ተረፈ። መንጋጋው ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም እንደተቆለፈ ነው። ንግሡ እየቀረበ ነው፤ እሳቸውም ጭንቅ ይዟቸዋል። ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ ስለ ቡና ጠየቀቻቸው፤ ከቀትር በኋላ አይቀምሱም። መጠጥም የለም። ታዲያ ከመኝታዎ በፊት ምን ያደርጋሉ አለቻቸው።

"ጸሎቴን አደርሳለሁ። ከዚያ ይኼ ልጅ የተሰነጠቀ ጥርስ፣ ሥሩ የተጋለጠ ጥርስ በስልኩ እያሳየ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ያስረዳኛል።"

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

በማግሥቱ መከለያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በጀልባ ወደ ቁንዝላ ተሻገሩ። ያልነገርኋቸው ትዝ እያለኝ ደጋግሜ ደወልሁ፤ አይገባም። ንግሡ ካለፈ በኋላ ራሳቸው ደወሉልኝ። አፋቸው ተከፍቶ፣ ማኅሌቱን ሳያቋርጡ እስከ ንጋት እንደመሩ ነገሩኝ። ድምፃቸው ራሱ ወጣት ሆኗል።

ይኸውና፣ መከለያው ሠራ ማለት ነው አልኋቸው።

"መከለያውም ይመስገን" አሉ። "ለብ ያለው ጨርቅም ይመስገን። ዋናው ግን፣ ልጄ፣ ደብሩ ግቢ ኔትወርክ የለም።"