አማቴ ከላይ፣ እኔ ከበርሜሉ ሥር

በእኛ አገር የማረፍ መብት የተጠበቀው ለሟች ብቻ ነው። "እገሌ አረፈ" ሲባል ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። በሕይወት ያለ ሰው ግን "ዛሬ እያረፍኩ ነው" ብሎ እስቲ ይሞክራት! "ምነው፣ አሞህ ነው?" ይሉታል። አላመመኝም ካለ "ከሥራ አስወጡህ እንዴ?" ይሉታል። አላስወጡኝም ካለማ ለጸሎት ስሙን ይይዙለታል...

ሶዶ ላይ ሰላምታችን ራሱ "ሥራ እንዴት ነው?" ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ "ኧረ ተወኝ፣ መተንፈሻም የለኝ!" ይህን የሚመልሰው ሰውዬ ብዙ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ካፌ በር ላይ ተጎልቶ የዋለ ነው። እንዴት አወቅህ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ፊት ለፊቱ ተጎልቼ ነዋ!

እኔ በዚህ በሥራ በዛብኝ ሙያ ስመ ጥር ነኝ። ስሙን ያተረፍኩት ደግሞ ወድጄ አይደለም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አስቴርን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ፣ አባቷ አቶ ዘለቀ የጠየቁት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር። አቶ ዘለቀ የበዴሳ ገበሬ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥም በሽማግሌነት ያገለግላሉ። መጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው አሉ። የጂኦግራፊ መምህር ነው ተባሉ። ትንሽ አሰቡና፣ "ቆሞ ነው ተቀምጦ?" አሉ። ሽማግሌዎቼ ቆሞ ነው ብለው ማሉልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኝህ ሰው ፊት ተቀምጬ አላውቅም። በዴሳ በሄድን ቁጥር፣ ገና ቦይናው፣ ጎደሬው ማለቴ ነው፣ በዳጣ ሳይቀርብ፣ ሸሚዜን ሰብስቤ ዶማ አነሳለሁ። እሳቸውም ወዲያው ሌላ ዶማ ያነሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን እርሻ አትበሉት፤ እሽቅድምድም ነው። ጎን ለጎን እንቆፍራለን፣ አንዳችንም ቀድመን ወገባችንን አናቀናም፣ ፀሐይዋ ናት ሰልችቷት የምትጠልቀው። ሰኞ ክፍል ስገባ ክንዴ አልነሳ ይለኝና የጥቁር ሰሌዳውን የታችኛውን ግማሽ ብቻ እጠቀማለሁ። ተማሪዎቼ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ መስሏቸው ይሆናል።

በቅርቡ ግፊቴን የለካ ሐኪም መሣሪያውን ሁለት ጊዜ አየና አንድ ቀን እንኳ እረፍ አለኝ። ተቀየምኩት። እኔን? እረፍ? ነገር ግን በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። ከቤሌ ወዲያ፣ ኦሞ ተገድቦ ሐይቅ ሆኖ በተኛበት ላይ፣ የሚንሳፈፍ መዝናኛ ተከፍቷል። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ጣውላው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭማቂውን ሆዱ ላይ አስቀምጦ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ያንቦራጭቃል። ቪዲዮውን ሰባት ጊዜ አየሁት። በሰው ሆድ እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም።

ለአስቴር እውነቱን እንዳልነግራት ነገሩ በማግስቱ በዴሳ ይደርሳል። የአቅም ግንባታ ሥልጠና አለብኝ አልኳት። በምን ጉዳይ ላይ አለችኝ። በውሃ ሀብት አጠቃቀም ላይ አልኳት፤ ይሄ ደግሞ ውሸት ነው አይባልም። እሷም አባቷ በዚያው ቅዳሜ ቦምቤ ለቅሶ እንደሚሄዱ ነገረችኝና፣ እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምታርፉት ብላ አዘነችልን። ማስታወሻ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ያዝኩ። ከደብተሩ ሥር ደግሞ ከሰልባጅ ተራ የገዛኋትን ቁምጣ ሸጎጥኩ። የዘንባባ ዛፍ ሥዕል ያለባት፣ መቀመጫዋ ላይ በቀቀን የተቀመጠባት ቁምጣ!

መዝናኛው ማለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች በገመድ ተጠፍረው፣ በላያቸው ጣውላ ተመቶ፣ የሣር ዳስ የተሠራለት ነገር ነው። ከዳር በትንሽ ጀልባ ያደርሷችኋል። ኃላፊው ማርቆስ የሚባል ደንዳና ሰው ነው። ድሮ በቤሌ መንገድ የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ መንገዱን ተወ እንጂ ረዳትነቱን አልተወም። አንገቱ ላይ ፊሽካ አለ። አንድ ሰው ፎቶ ልነሳ ብሎ ወደ ግራ ከሄደ መድረኩ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ማርቆስ ሌላ ሰው ከተኛበት ቀስቅሶ ወደ ቀኝ ይልካል። ጀልባ በመጣ ቁጥር ደግሞ ጭንቅላት ይቆጥራል። እኔ ስደርስ አሥራ ሁለተኛ ተባልኩ።

ስለ አዞ ጠየቅሁት። አዞው ወደ ታች ነው ያለው አለኝ። ታች የት ነው ብዬ ስጠይቀው በእጁ ሐይቁን በሙሉ አሳየኝ።

እና አረፍኩ? ቀላል መሰላችሁ! ተንጋለልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለው ሰሌዳ ላይ ሁለት የፊደል ስህተት አገኘሁና በልቤ በቀይ አሰመርኩበት። የጣውላውን ምስማር ቆጠርኩ። ጎኔ የተኛውን ሰው ለምን ሥራ ፈትቶ እንደሚተኛ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝ። ቀስ እያለ ግን ፀሐይዋ ደረቴን አሞቀችው፣ ውሃው በርሜሉን ቸብ ቸብ ያደርጋል፣ ነፋሱ ከተራራው ይወርዳል... ወገቤ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጨምድዶ የያዘኝ ነገር ለቀቀኝ። ደስ አለኝ። በቃ ደስ አለኝ፣ ሌላ ቃል የለውም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዓይኔን ስገልጥ ጀልባዋ እየመጣች ነበር። መሐሏ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ነጭ ባርኔጣ የደፉ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ተቀምጠዋል። ቦምቤ ለቅሶ ላይ መሆን የነበረባቸው አማቴ!

ሱሪዬ ጀልባዋ ከምትቆምበት መሰላል አጠገብ ወንበር ላይ ነው ያለው። እስቲ አስቡት። እኔ አማቴ ፊት እግሬን አጣጥፌ ያልተቀመጥኩ፣ ሳል እንኳ ሲመጣብኝ ውጭ ወጥቼ የምስል ሰው፣ በባዶ ደረት፣ በቀቀን መቀመጫዬ ላይ ይዤ፣ "እንደምን አደሩ" ልበል? ደግሞስ አሥራ አንድ ዓመት በዶማ የገነባሁት ስም? ዋና አልችልም። አዞውም "ወደ ታች" ነው። ሁለቱንም አመዛዘንኩና አዞው ተሻለኝ። በጀርባ በኩል ሹልክ ብዬ ወረድኩና ሁለት በርሜል መሐል ገብቼ ገመዱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

አማቴ ወጡና ልክ ከአናቴ በላይ ተቀመጡ። በጣውላው ክፍተት የጫማቸው ሶል ይታየኛል። ማርቆስ አባባ ዘለቀ እያለ ተቀበላቸው፤ ባለፈው ቅዳሜ ቀሩብን አላቸው። ጆሮዬን አላመንኩም። ባለፈው ቅዳሜ እኮ ከእኔ ጋር ሲቆፍሩ ነው የዋሉት!

"እንግዳ መጥቶብኝ ነው" አሉ አማቴ። "የልጄ ባል። ሰውዬው እረፍት የሚባል አያውቅም።"

ሲሉም በረጅሙ ተነፈሱ። እኔ ምስጋና መሰለኝ። ውሃ ውስጥ ሆኜ ደረቴን ነፋሁ፤ ከደስታ ብዛት ገመዱን ልለቅ ነበር። ከላይ ግን ጫማው ወለቀ፣ ካልሲው ወለቀ፣ ከረባቱ ወለቀ... የጭነት መኪና ካላማዳሪም በአየር ተነፍቶ መጣላቸው። ሰውዬው ደንበኛ ናቸው!

ያኔ ነው ማርቆስ ጭንቅላት የቆጠረው። አማቴን ጨምሮ አሥራ ሦስት መሆን ሲገባን አሥራ ሁለት ሆንን። ደገመው፤ ያው ነው። ወንበሩ ላይ ባለቤት የሌለው ሱሪና ስልክ አገኘ። ፊሽካው አካባቢውን ቀወጠው። ሰው ገብቶ አልወጣም ብሎ ጮኸ፣ ስልኩን አንስቶም ቤተሰቡን እንጥራ አለ። እኔ ከሥር ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ልበል እንዴ "አለሁ"? እንደ ምን ሆኜ ነው ያለሁት? ለአስቴር "ባልሽ ሰጠመ" ተብሎ ሊደወልላት ሲል እንኳ ለስሜ ስሳሳ የነበርኩ ሰው መሆኔን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስልኩ ግን የቁልፍ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ደግሞ የእኔና የአስቴር ፎቶ አለ። ማርቆስ ይህን ሰው የሚያውቅ አለ ወይ እያለ ፎቶውን ለሰው ሁሉ ያሳይ ጀመር። አማቴ ዘንድ ደረሰ።

"ልጄ ነው" አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት "መምህር" እንጂ ሌላ ብለውኝ አያውቁም። ገና ይህን ሳልውጠው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ባርኔጣቸውን እንደደፉ በወዲያኛው በኩል ዘለው ውሃ ውስጥ ጠለቁ። የተሳፈረው ሕዝብ በሙሉ እሳቸውን ለማየት ወደዚያው ጠርዝ ተግተለተለ። ማርቆስ "ሚዛን!" እያለ ቢጮህ ማን ሰምቶት! ያኛው ወገን ወረደ፣ የእኔው ወገን እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለ። እኔም ገመድ ላይ እንደ ሥጋ ተሰቅዬ፣ ዘንባባዬም በቀቀኔም ለአደባባይ ወጣን።

አማቴ በመድረኩ ሥር ዋኝተው ብቅ ያሉት ልክ ፊቴ ላይ ነው። እንደ ዓሣ ነው የሚዋኙት። ተያየን። ልማድ ክፉ ነውና ለሰላምታ ጎንበስ አልኩ። ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ለአማት ጎንበስ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ጉንጭ ሐይቅ ጠጣሁ።

"እንደምን ዋሉ አባባ" አልኩ ሳሌ ሲያባራልኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሥልጠናው እንዴት ነው?"

"እየተካሄደ ነው። ለቅሶው እንዴት ነው?"

ትንሽ አሰቡ። "ቀብሩ አልቋል" አሉ።

ማርቆስ ካላማዳሪውን ወረወረልንና በሁለት በኩል ተደግፈን ተንሳፈፍን። እኔ ስሜ አብቅቶለታል እያልኩ በሐሳቤ ስሰናበተው፣ አማቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን አራገፉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ የመጣኸው?" አሉኝ። "ገና እግርህ ሲገባ ዶማ ታነሳለህ። አስተማሪ እየቆፈረ እኔ ገበሬው ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል? አንተ ስትሄድ እኮ ሦስት ቀን እተኛለሁ። እዚህ መምጣት የጀመርኩት ወገቤ እምቢ ብሎኝ ነው።"

"እኔ እኮ እርስዎ እንዲያዩኝ ብዬ ነው" አልኩ።

"እኔም አንተ እንድታየኝ ነው" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እኔ አማቴ ፊት ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስንስቅ ስንስቅ ካላማዳሪው ከእጃችን ሊያመልጥ ደረሰ። እዚያው ውሃው ላይ ቃል ተገባባን። ከእንግዲህ በዴሳ ስሄድ ዶማ የሚነሳበት ነገር የለም፤ እንደ ሰው እንቀመጣለን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄድን። አስቴር ወደ ጓዳ ገባች፣ እኔና አባቷ አቮካዶው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ተሳክቶልን ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን! ከዚያ የአስቴር እናት እማማ ማርታ ከቤቱ ጀርባ በኩል የከብት ሣር ተሸክመው መጡ። ቆሙና አዩን። ሸክሙን እንደያዙ ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲታይ ምን ያደርጋል? ሁለታችንም እንደ አንድ ሰው ተነሳን፣ ዶማዎቹ ጋ እኩል ደረስን።

እማማ ማርታ ሸክማቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

"እባካችሁ ተዉ" አሉ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እናንተ ተሽቀዳድማችሁ የምትነቅሉት ቦይና፣ ስትተኙ መልሼ የምተክለው እኔ ነኝ። ዛሬ እንኳ ተቀመጡልኝ።"

ዶማውን አስቀምጠን ተቀመጥን። እሳቸው ግን ሣሩን አንስተው ሄዱ፤ እውነተኛ ሥራ ነበራቸዋ።