የጋሼ መልኩ ሰዓት

እናንተዬ፣ ሰዓቴን አላዞርም ብሎ የሚሟገት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴ ጋሼ መልኩ አሉልኝ። እስራኤል፣ ክርያት ያም ከተማ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የእጅ ሰዓታቸው ግን ዛሬም እንደ ጎንደር ይቆጥራል፤ ከዚህ አገር ሰዓት በስድስት ይለያል።

እዚያ የቀሩትን እናታቸውን ለማምጣት፣ ሀይፋ ካለ ቢሮ ለጠዋቱ ስምንት ሰዓት ቀጠሮ ተሰጣቸው። ከረባት አስረው፣ በራሳቸው ሰዓት ልክ ስምንት ሲል ከች አሉ። ለካ ቀኑ ተጋምሷል፣ ቢሮው ተዘግቷል! «አዲስ ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነው» አላቸው ዘበኛው።

«ጋሼ፣ ምናለ ቢያዞሩት?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ታዲያ እናቴ አሁን ምን እያደረገች እንደሆነ በምን ልወቅ?»

በአምስተኛው ወር የእናታቸው መርዶ መጣ። ዛሬ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ሰዓታቸው ከኔው ጋር ልክ ነው። ልክ የሆነ ሰዓት እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም።