ኮሶ በችሎት ቀን

ኮሶ የሚሠራው ትል ላይ ብቻ ይመስላችኋል? እኔም ጎባ ሰፍረን ጎረቤቴን ባላምባራስን እስካውቅ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ኮሶ የሚጠጡት በችሎት ቀን ነው። መቼም የጠጣውን ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል፤ ስለዚህ ዳኛው አዝነው ቀጠሮ ያራዝሙላቸዋል። የከሰሳቸው ገባራቸው አደም ነው፤ የአባቱን መሬት ቀምተውበታል። የኮሶውን አበባ ከጫካ የሚያመጣላቸውስ ማን ይመስላችኋል? እሱው አደም!

«ዘንድሮ በርከት አድርገህ አምጣ» ይሉታል።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ትል መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ክስህ ሲያልቅ!»

ባለፈው ቀጠሮ ባላምባራስ በማለዳ ተገኙ፤ የቀረው አደም ነበር። ሚስቱ መጥታ ከደጅ ቆመች።

«ጌቶቼ፣ ምስክሩ አንገቱ ከሚባለው አገር ገና አልደረሰለትም። አደምም ኮሶ ጠጥቶ መነሣት አቅቶታል» አለች።

«ገባር ደግሞ ለኮሶ የሚያበቃ ሥጋ ከየት አገኘ?» ብለው ዳኛው ሳቁ። መሬቱንም ለባላምባራስ ፈረዱ።

አበባው ያው፣ መጠኑም ያው ነው። ከባላምባራስ ሆድ እስከ ዛሬ አንድም ትል ሲወጣ አላየንም፤ ከአደም እጅ ግን መሬቱ ወጣ።