ሲባጎ የማይለያቸው መምህር

በየትምህርት ቤቱ ከኪሱ ሲባጎ የማይጠፋ አንድ የሒሳብ መምህር አለ። ለጉለሌ ክቡርነታቸው መምህር ስብሐት ደርሰዋታል። ኮምፓስ ቢሰጧቸው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ካስማ ይተክላሉ፣ ሲባጎ ያስራሉ፣ ስምንተኛ ክፍልን ግቢ ለግቢ ያንከራትታሉ። መልስ ለሚሰጣቸው ሁሉ ያላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለካህ ወይስ ገመትህ?»

ልብስ ሰፊዋን ታየችን ስማቸው ማንገሽገሽ ጀምሯል። ልጇ ሄራን ሚኒስትሪ ልትፈተን ወር ቀርቷት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰው በር ትለካለች። «እማዬ፣ የጋሽ ዱጉማ በር ዘጠና ዲግሪ አይሞላም።» ጋሽ ዱጉማ ሰላምታ ካቆሙ ሳምንታቸው። የሌላው ክፍል ልጆች ግን የድሮ ፈተና በመሥራት ሁለተኛ ደብተር ጨርሰዋል። ታየችን ጭንቀት አላስቀምጥ አላት፤ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ መርፌው ክር አልገባ ይላታል። ብትወድቅብኝስ?

ማክሰኞ ረፋድ የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ «ዛሬ ክፍል ሳላስቀይራት አልመለስም» ብላ ታክሲ ያዘች። ዳይሬክተሯ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ግቢው ውስጥ ጠብቂ ተባለች። መምህር ስብሐትም እዚያው ነበሩ፤ ጠመኔ በጠመኔ ሆነዋል።

«መምህር፣ ልጄ ልትወድቅብኝ ነው።»

«ለክተው ነው ወይስ ገምተው?»

ወይ ጉድ! ለተጨነቀች እናት እንዲህ ይባላል? ዞር ስትል ሄራንን አየቻት። መሬቱ ላይ ትልቅ ክብ ተሰምሯል፤ መሃሉ የት እንደነበረ ግን ጠፍቷል። ፈልጊ ተብላለች። ታየች በልቧ ሳቀች። ጨርቅ ቢሆን አራት አጥፋ ታገኘው ነበር፤ መሬት አይታጠፍ ነገር።

ሄራን ከክቡ ዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠረች። ሲባጎውን ለሁለት አጥፋ መሃሉ ላይ ምልክት አደረገች፤ በእንጨት ስኳድራ ከዚያ በዘጠና ዲግሪ መስመር አሰመረች። በሌላ በኩልም ደገመችው። መስመሮቹ የተገናኙበት ላይ ካስማ ተከለች።

«ማን አሳየሽ?» አለች ታየች።

«አንቺ ነሽ። ክብ ክሎሽ ቀሚስ ስትቆርጪ ጨርቁን እንዲህ አይደል የምታጥፊው? መምህር ክብ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ እጁን እዩ ብለውን ነበር።»

ታየች ሃያ ዓመት ስትቆርጥ ሥራዋን ትምህርት ያለላት ሰው አልነበረም።

ክቡ ይፈተሽ ተባለ። ካስማው ስለላላ መምህር ስብሐት የሲባጎውን ጫፍ መሃሉ ላይ እንድትይዝ ለታየች ሰጧትና ልጆቹ በሌላው ጫፍ መዞር ጀመሩ። ይሄኔ ዳይሬክተሯ ብቅ አሉ።

«ወይዘሮ ታየች፣ ክፍል ለማስቀየር ነው አሉኝ፤ ይግቡ።»

ታየች አቧራው ላይ ተንበርክካለች። ቀና እንኳ አላለችም።

«ይቅርታ፣ አሁን መነሳት አልችልም» አለች። «ከለቀቅሁት ክቡ ይበላሽባቸዋል።»