ለውሻው ነው በሏት

ነገሩ ሁሉ «ሼም» የሚሆንበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር ቢሮ እጋራለሁ፤ ቢኒያም ይባላል። ለእሱ ምሳ ዕቃ መያዝ ሼም ነው። ከካዛንቺስ ለገሃር በእግር መሄድ ሼም ነው። የታክሲ ሰልፍ ጥሶ መግባትስ? እሱማ አራዳነት ነው! ፈረንጅ ቃሉን ሰጠን እንጂ የት እንደሚውል የነገረን የለም።

ባለፈው ሁለታችንም ካዛንቺስ ጥብስ ቤት ገብተን የየራሳችንን አዘዝን። ከሁለታችንም ተረፈ። አስተናጋጇን «እህት፣ የእኔን ጠቅልይልኝ» ስላት ቢኒያም በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ።

«ሼም ነው በቃ! ማለቴ፣ ሰው ምን ይላል?» አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለና «ለውሻው ነው» አላት።

የምን ውሻ? የዚህ ከተማ ትርፍ ጥብስ ሁሉ ለውሻ የሚሄድ ከሆነ ውሾቻችን ምነው ከሱ?

ብድግ አልኩ። «ውሻ የለኝም! የራሴ እራት ነው!»

ሳልጮህ አልቀረሁም፤ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከጎናችን የነበሩ ነጠላ የለበሱ እናት ግን ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ የእኔንም ጠቅልይው። የእኔም እራት ነው» አሏት።

እጄን ታጥቤ ስመለስ ቢኒያም በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ከኮቱ ስር የፌስታል ጫፍ ብቅ ብሏል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር፣ ድመት እንኳ የሌለው ሰው!

«ውሻህን ሰላም በልልኝ» አልኩት።