አማካዩን ተከላካይ ያደረግን ሰዎች

«ኳስ ተጫውቼ አላውቅም» የሚል ወንድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ሻንጣ ከምንጭነው ውስጥ ግማሹ ጉልበቱ ባይጎዳ ኖሮ ዛሬ አውሮፓ ነበር። እኔም ራሴ እንደዛ ብዬ አውቃለሁ። ጉልበቴ ግን ደህና ነው።

ስለዚህ ሜርዳን የሚባለው የሺፍት ጓደኛዬ ፕሮፌሽናል አማካይ ነበርኩ ሲለኝ «እሺ» ብዬ አለፍኩት። የቱርክሜኒስታን ሰው ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዋና ከተማቸው አሽጋባት ላለ ክለብ ፈርሞ፣ ሁለቴ ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ፣ ኡዝቤኪስታን ሁለት ሲዝን፣ ካዛኪስታን አንድ ሲዝን ተጫውቶ፣ ከዛ ጉልበት። አያችሁ? ጉልበት። እስቲ ፎቶ አልኩት። ያለው አንድ ነው፤ እሱም ላይ ፊቱን የተጋጣሚ ክንድ ሸፍኖታል። ማንም ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ብርቱካን በእግሩ ሲያንቀረቅብ አየሁት። ወሬውን ሳያቋርጥ፣ በዛ አፍንጫው ብረት በሆነ የሥራ ጫማ። ብርቱካኑ እንኳን አልፈነዳም። በቃ፣ ይሄ ሰው የእኛ ነው አልኩ።

የእኛ ቡድን እሁድ እሁድ ዋይትሆርን ሜዳ ላይ ይጫወታል። ዕድሜያችን ከአርባ በላይ የሆንን አበሾች ነን። ይጫወታል ስል እንግዲህ ይሸነፋል ማለቴ ነው። ሜርዳንን ና ስለው ፊቱ በራ። አይና የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለችው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አባቷን የምታውቀው በሻንጣ ጫኝነቱ ነው እንጂ ሲጫወት አይታው አታውቅም። ስለ ድሮው ባወራት ቁጥር «ኦኬ ዳድ» ብላ ወደ ስልኳ ትመለሳለች አለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቦታዬ ስጫወት እንድታየኝ እፈልጋለሁ።» አንጀቴን በላው። ለኔ ተወው አልኩት።

ቦታው የጋሼ ስዩም መሆኑን ረስቼ ነው። ጋሼ ስዩም ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ቡድኑን የመሠረቱት፣ የጎሉን መረብ ከሰፈራቸው ከሬድስቶን ድረስ በመኪናቸው ጭነው የሚያመጡት፣ ስንታመም ቤት ድረስ መጥተው የሚጠይቁን እሳቸው ናቸው። መሀል ሜዳ ላይ ደግሞ ይቆማሉ። ይጫወታሉ አልወጣኝም፤ ይቆማሉ። ኳሷ ወደሳቸው ከመጣች ጥሩ፤ ካልመጣችም አይቀየሟትም። ታዲያ ማን ነው ደፍሮ «ጋሼ፣ ይውጡ» የሚላቸው? አንተ ትላቸዋለህ? አንቺስ?

ስለዚህ ፕሮፌሽናሉን አማካይ ግራ ተከላካይ አደረግነው። ሦስት እሁድ ሙሉ። ሰውየው ቃል አልተነፈሰም። ልጁን ግን አላመጣትም። ስጠይቀው ፈተና አለባት ይለኛል።

አራተኛው እሁድ ሚስቱ ሺፍት ስለነበረባት አይናን ይዟት መጣ። ልጅቷ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኳን ታያለች። እኛ እስከ እረፍት ድረስ ሦስት ለዜሮ ተመራን። ሜርዳን ውሃውን ጠጣና ወደ መኪናው አየት አድርጎ፣ ቀስ ብሎ «ዛሬም እዛው ነኝ?» አለኝ። እንደዛ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ተነስቼ ጋሼ ስዩም ጋ ሄድኩ። ጤናቸውን ጠየቅኩ። ልጆቻቸውን ጠየቅኩ። ፀሐዩ በረታ አልኩ፤ የካልጋሪ ፀሐይ እኮ ነው። በመጨረሻ ጨክኜ፣ «ጋሼ፣ ለዛሬ ትንሽ አረፍ ቢሉስ?» አልኳቸው።

ሳልጨርስ ጫማቸውን መፍታት ጀምረዋል። «ምነው እስከዛሬ? ወገቤ ካለቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ብወጣ ቅር ይላችኋል ብዬ እኮ ነው የምሰቃየው» አሉኝ።

ሜርዳን መሀል ገባ። ሩጫ የለ፣ ጩኸት የለ። የመጀመሪያዋን ኳስ ማንም ወደሌለበት ሰደዳት። አጉረመረምን። ኋላ ሲገባን፣ እዛ ቦታ መገኘት የነበረብን እኛ ነን። ሦስተኛዋ ላይ ተገኘንና ጎል አገባን። የመኪናው በር ተከፈተ። ሁለተኛው ጎል ሲገባ አይና መስመሩ ላይ ቆማ በስልኳ ትቀርጻለች።

ሦስት ለሁለት ተሸነፍን፤ ጋሼ ስዩም ግን ዋንጫ እንዳነሳ ቡድን እየዞሩ አቀፉን። አይና እኔ ጋ መጥታ በእንግሊዝኛ፣ አባቴን ለምን ኋላ አቆማችሁት አለችኝ። አሁን ይሉኝታን በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? የሆነውን ሁሉ ከነጋሼ ወገብ ዘረገፍኩላት። ብቻ ሰምታኝ ሰምታኝ፣ እሳቸው መውጣት ፈልገው፣ እናንተ ልታስወጧቸው ፈልጋችሁ፣ አባቴ መግባት ፈልጎ፣ ሁላችሁም ዝም አላችሁ ማለት ነው? አለች። አዎ አልኳት።

ጫማውን ወደሚፈታው አባቷ ዞር ብላ አየች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔም እኮ የሚያወራልኝ ሁሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። «እንዳይከፋው ብዬ ነው ኦኬ የምለው። ፕሊስ እንዳትነግረው።»

በማግስቱ ሥራ ላይ ሜርዳን፣ ልጄ ምን አለችህ ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋታህን ወደደችልህ አልኩት። ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። ሌላውንማ እስከዛሬም አልነገርኩት። እንዴት ብዬ? ይከፋዋላ።