ደምሰው የድኩላ ማድፈጫ ሲሠራ

ባሌ ሳሙና መንካት ያቆመ ሰሞን ሌላ ሴት ይዟል ብዬ አልሰጋሁም። ሌላ ሴት የያዘ ወንድ ሳሙና ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል እንዴ? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ድኩላ ሊያድን ነው። ድኩላ ደግሞ የሳሙና ሽታ ከሩቅ ይለያል አሉ።

የምንኖረው ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ነው። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ያመጣኝ ትዳር ነው። ከማሳችን በታች ቁጥቋጦ የሞላው ገደል አለ። በዚያ ዓመት አንድ ድኩላ ከገደሉ እየወጣ አተራችንን ወደደው። ለስላሳ ለስላሳውን መርጦ፣ እንደ ሠርግ ታዳሚ ጠግቦ ይሄዳል። ቀበሌ ብናመለክት "አባሩት" አሉን። ደምሰው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ "ግደሉት" ብሎ ሰማው።

ከዚያማ ቦታ መምረጥ ተጀመረ። በማለዳ ወጥቶ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ይበትንና ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ያያል። ነፋሱ ከድኩላው ወደ አዳኙ እንጂ ከአዳኙ ወደ ድኩላው መንፈስ የለበትም። መጀመሪያ ከቋጥኙ ሥር አሰበ። ጥይት ቢስት ግን የሚሄደው ወደ መንገዱ ነው፤ ሰው ያልፋል። ተወው። በመጨረሻ ከወይራው ሥር ወደደ፤ ፊት ለፊቱ የአፈር ግድግዳ ስላለ የሳተ ጥይት እዚያው ይቀራል። ቅርንጫፍ ከሩቅ ቆርጦ አምጥቶ አጠረው። ሲቀመጥ እንዳይንኮሻኮሽ ደረቁን ቅጠል ጠረገ። ድኩላው አጥሩን ይልመደው ብሎ ደግሞ ለጥቂት ቀን ራቀው። ቤታችንን እንኳ እንዲህ ተጨንቆ አልሠራውም፤ ጣራችን አሁንም ያፈሳል።

ሁሉ ሲያልቅ "በል እንግዲህ፣ በምን ልትመታው ነው?" አልኩት።

እኛ ጠመንጃ የለንም። ጠመንጃ ያለው ታላቅ ወንድሙ አያ ታከለ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ምንሽሩ ለአያ ታከለ፣ የገደሉ አፋፍ ማሳ ለደምሰው ደረሰ። አንዱ ማሳውን፣ አንዱ ጠመንጃውን ሲመኝ ተኳረፉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በዚህ በር ከገባ ሌላው በዚያ ይወጣል። ልጆቻችን የአጎታቸውን ደጅ ሳይረግጡ ሊያድጉ ነው። እኔን የቆጨኝ ይሄ እንጂ አተሩ አይደለም።

ወደ ወንድሙ ልሄድ መሆኔን ስነግረው "ጠመንጃ ልትለምኚልኝ? እንዳታደርጊው!" ብሎ ተቆጣ። ምን ወጣኝና እለምናለሁ!

አያ ታከለን ጓሮ እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸው። ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ ጠያይቄ ሳበቃ፣ "አያ፣ ደምሰው ከወይራው ሥር ማድፈጫ ሠርቷል" አልኳቸው። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

መጥረቢያቸው አየር ላይ ቀረ። "ከወይራው ሥር? ፀሐይ ስትወጣ ዓይኑን እየወጋችው?"

"እኔ ምኑን አውቄው። እሱ ግን ደህና ቦታ ነው ይላል።"

"ደህና ቦታ ነው ይላል!" አሉና መጥረቢያውን ጣሉት።

በማግስቱ ማለዳ ምንሽሩን አንግተው ደጃችን ቆሙ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ከወይራው ሥር አድፍጥ ያለህ ማን ነው?" ነው ያሉት።

ደምሰው የሚያየው እሳቸውን እንጂ ጠመንጃውን አልነበረም። "አባታችን ናቸዋ፣ አያ። እኔን የሚያስቀምጡኝ እዚያ ነበር።"

"እኔን ከቋጥኙ ሥር ነበር" አሉ አያ ታከለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ያኔ መንገዱ አልነበረም።"

ከዚያ እየተከራከሩ ወደ ገደሉ ወረዱ።

ቆይቼ ቁርስ ይዤላቸው ተከተልኩ። አደን ነው ብዬ ኮቴዬን አጥፍቼ ነበር የምራመደው። ምን ዋጋ አለው! ድምፃቸው ከአፋፉ ይሰማል። አያ ታከለ የአባታቸውን ሳል ያስመስላሉ፤ ደምሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከተኳረፉ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ቁርሱን አስቀምጬ እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ተመለስኩ።

በማግስቱም ሄዱ። የነቢያት ጾም እስኪገባ ሳያሰልሱ ሄዱ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። የእነሱ ወሬ ባለበት ምን ድኩላ ይጠጋል? የተረፈውን አተር ግን ያን ዓመት ሙሉውን ሰበሰብን፤ የነቀሉት የእኛና የአያ ታከለ ልጆች አብረው ነው።

ድኩላውማ ገደሉን ተሻግሮ የአዱኛው ጓያ ላይ ሰፈረ። አዱኛው ከማዶ ያለ ጎረቤታችን ነው። አንድ ቀን እያለከለከ መጣ። ወንድማማቾቹ ደጅ ተቀምጠው ነበር።

"እባካችሁ፣ ለእኔም እንደዚያ ያለ ማድፈጫ ሥሩልኝ! በእናንተ በኩል ዝር አይልም" አላቸው።

እኔ ቀደምኳቸው። "ማድፈጫውስ ቀላል ነው። የተኳረፍከው ወንድም አለህ ወይ?"

አዱኛው ግራ ገባው። አሰበ፣ አሰበ። "ወንድም እንኳ የለኝም። ከአማቴ ጋር ግን ከፋሲካ ወዲህ አንነጋገርም።"

"ወሬ ይወዳሉ?" ብለው ጠየቁት አያ ታከለ።

"ማን፣ እሳቸው? ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል!"

አያ ታከለ ከተቀመጡበት ተነሡ። "በል ጥራቸውና ቦታ እንምረጥ።"